ስንፍና ሳይሆን የሳር አበባ ነበር

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ጀላል እንድሪስ፣
ሪያድ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

እንዴት ከረምክልኝ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሰልዋስ ደህና ናት ወይ? ያ ወገቧን ሲይዛት የነበረው ነገር ተሻላት? ልጃችሁ ትንሿ ዊዳድስ እንዴት ናት? የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ የላካችሁትን ፎቶ እማ ለጎረቤት ሁሉ አዙራ አሳይታ፣ ሰው ሁሉ ቁርጥ አያቷን ናት እያለ ሲስቅ ሰነበተ። እኛም በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። ገብሱ ዘንድሮ አምሯል፣ ቡሬዋ ላም ጥጃ ጥላለች፣ የጓዳው ጣሪያም ክረምቱን ሳያፈስ ወጣ። እኔ ደግሞ ከናፍቆትህና ከአፍንጫዬ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አፍንጫዬን ስልህ ሳቅህ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን ይህን ሁሉ ወረቀት ያስያዘኝ እሱ ነው። በስልክ ልነግርህ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ኔትወርኩ ቆራረጠው፤ ነገሩም ቢሆን እየተጣደፉ የሚያወሩት አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ሙና ለፈቃድ መጥታ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ልላክልህ ብዬ ቁጭ አልኩ። አንተም ተደላድለህ አንብበው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ከገባሁ ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። ሸሚዝ ነው የምንሰፋው፤ የኔ ድርሻ እጅጌ ነው። ቤት የተከራየሁት ከሰርካዲስ ጋር ነው። የመንዝ ልጅ ናት፣ ማሽኗ ከማሽኔ ጎን ነው፣ ስትስቅ የጥልፍ ክፍል ድረስ ይሰማል። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስንለቅ እኔ ወደ እማና አባባ ቤት እወጣለሁ። ታዲያ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ማስነጠስ ያዘኝ። አንድ ሁለቴ ቢሆን ማን ይቆጥረዋል፤ አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ነው። አፍንጫዬ እንደ ቧንቧ ይፈሳል፣ ዓይኔ ደም ይመስላል፣ ላንቃዬ ሳይቀር ስለሚያሳክከኝ በምላሴ ስፈገፍገው እውላለሁ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ማንም ሳያክመው ትቶኝ ይሄዳል። በዓመቱ መስከረም ላይ ይመለሳል።

ምን እንደሆነ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሰርካዲስ «ሳይነስ ነው፣ እኛ አገር የሌለበት ሰው የለም» አለች። ሱፐርቫይዘራችን «ብርድ ነው፣ ጠዋት ስትወጪ ደራርቢ» አለኝ። እማ ግን «ምች ነው የመታሽ» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዬ ውስጥ ጠብ አደረገችልኝ። ያን ቀን ያስነጠስኩትን ማስነጠስ ምን ብዬ ልንገርህ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ወረዱ። እማ «ይኸው እየወጣልሽ ነው!» እያለች ደስታዋን አልቻለችውም።

አምና ደግሞ አንዷ የሥራ ጓደኛዬ «ይህቺ ታቆምልሻለች» ብላ ከቦርሳዋ አንድ ክኒን አውጥታ ሰጠችኝ። እውነትም አቆመችልኝ፤ ግን ከማስነጠሱ ጋር እኔንም አቆመችኝ። ከምሳ በኋላ ዓይኔ እየተከደነ ስሰፋ ቆይቼ ቀና ስል፣ ሱፐርቫይዘሩ አንድ ሸሚዝ ከፍ አድርጎ ይዞ ፊቴ ቆሟል። እጅጌውን ከደረት ኪሱ ጋር ሰፍቼዋለሁ። «ፊርደውስ፣ ይህን የለበሰ ሰው በምን እጁ ሰላም ይበል?» ሲለኝ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ደግነቱ ሰውየውም ሳቀ፤ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ሳለሁ ይሻለኛል። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴን ካለፍኩ በኋላ፣ የቦሩ ሜዳ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ መስኩ መታየት ሲጀምር አፍንጫዬ ከኔ ቀድሞ ያውቃል። ቤት ስደርስ ዓይኔ አብጦ በር ላይ የሚቀበለኝን ሰው በቅጡ አላየውም። ዘንድሮም በመስከረም ሦስተኛው ቅዳሜ እንደዚያው ሆኜ ገባሁ። በማግስቱ አባባ ሳሩን አብረን እንድናይ ወደ መስክ ጠሩኝ። «አባባ፣ ዛሬስ አልቻልኩም» አልኳቸው። ዓይኔን አዩት። ከዚያ ወደ እማ ዞር ብለው «ይህቺ ደግሞ ሁለተኛ ጀላል ልትሆንብን ነው» አሉና ወጡ።

ጀላል፣ ያቺ ቃል ከሕመሙ ይልቅ ወጋችኝ። አንተ የኖርከውን መልሼ ለአንተው መተረኬ አይደለም፤ ግን ያን ጊዜ እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ያየሁትንም ነግሬህ አላውቅም። ሳር አጨዳ በደረሰ ቁጥር ዓይንህ ያብጥ ነበር። ቀኑን ስታስነጥስ ትውላለህ፣ ስትተኛ ደረትህ ሲር ሲር ይላል። ክረምቱን በሙሉ ለእርሻ ማንም የማይቀድምህ ሰው፣ ጥቅምት ላይ ጎተራው ጥግ እርጥብ ጨርቅ ዓይንህ ላይ ጥለህ ትተኛለህ። በ2009 ያልታሰበ ዝናብ መጣና ያልተሰበሰበው ድርቆሽ በሙሉ በሰበሰ። ለወንፈል የመጡት ጎረቤቶች ቆመው እየሰሙ አባባ «ሥራ ሲያይ ዓይኑ የሚያብጥ ልጅ አልወለድኩም» አሉህ። በወሩ ሪያድ ነበርክ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትደውል እማንና እኔን ታናግራለህ፣ «ለአባባ ሰላም በሉልኝ» ትላለህ፤ እሳቸውም «ሰላም በሉት» ይላሉ። አባትና ልጅ በሰው አፍ ስትነጋገሩ ኖራችሁ።

ሰኞ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ወደ ደሴ ወረድኩና ሆጤ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ያየኝ ከሊድ የሚባል ወጣት ዶክተር ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ መልሴን በሰባት ማስነጠስ ጀመርኩት። «ገብቶኛል፣ ግን ጨርሺ» አለኝ እየሳቀ። ትኩሳት እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ የለኝም። ከአፍንጫዬ የሚወጣው ወፍራም ነው ወይስ እንደ ውሃ ቀጭን? እንደ ውሃ ነው። ያሳክክሻል ወይ? በየዓመቱ በዚሁ ወር ነው ወይ? የት ስትሆኚ ይብስብሻል? የመስኩን ነገር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። በትንሽ መብራት አፍንጫዬን ውስጡን አየ፣ ደረቴን አዳመጠና ንጹሕ ነው አለኝ።

«ጉንፋን ቢሆን በሳምንት በአሥር ቀን ይለቅሽ ነበር። ይሄ የሳር አበባ አለርጂ ነው» አለኝ። ሳር ደግሞ አበባ አለው እንዴ ብዬ ልስቅበት ነበር። አለው ለካ! ክረምት ሲወጣ ሳሩ ጫፍ ላይ የምናየው ያ ዘለላ አበባው ነው። ከሱ የሚወጣው ብናኝ ከዱቄት የላመ ስለሆነ ዓይን አያየውም፣ ነፋስ ተሸክሞት ይዞራል። የብዙው ሰው ሰውነት ምንም ሳይለው ያሳልፈዋል። የእኛ ዓይነቱ ሰውነት ግን ጠላት የገባበት መስሎት ያንን ብናኝ ሊያባርር ይነሳል፤ ማስነጠሱም፣ እንባውም፣ እብጠቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ከብርድም አይመጣም፣ ዳማከሴም አይመልሰውም። ዳማከሴውን ስነግረው ፈገግ ብሎ «እናትሽን አመስግኚልኝ፣ ግን አፍንጫሽ ውስጥ ሁለተኛ እንዳይገባ» አለኝ።

ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ «በቤተሰባችሁ እንዲህ የሚያደርገው ሌላ ሰው አለ? ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል» ብሎ ጠየቀኝ። ጎተራው ጥግ የተኛኸው አንተ ፊቴ ድቅን አልክ። «ወንድሜ» አልኩና እንባዬ መጣ። ሐኪሙ የአለርጂው እንባ መስሎት ሶፍት አቀበለኝ፤ የልቤ እንባ እንደሆነ ሲገባው ሌላ ጨመረልኝ። ስለ አንተ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። የደረትህን ሲርታ ስነግረው ግን መሳቁን ተወና «እሱ አስም ሊሆን ስለሚችል ቀላል አይደለም። በዚያ ሁኔታ ሳር ሲያጭድ መዋሉ ራሱ ጀግንነት ነው፤ ባለበት አገር ይታይ በይልኝ» አለኝ። ይህንን አደራ ይኸው አደረስኩ።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ እንቅልፍ የማያመጣ ክኒን ነው፣ በቀን አንድ። ሌላው በአፍንጫ የሚረጭ ነው፣ በየቀኑ ጠዋት። ስትረጨው ጫፉን ወደ ውጭው የአፍንጫ ግድግዳ ታዞራለህ እንጂ ወደ መሐሉ አይደለም፤ ከዚያም ቀስ ብለህ ትተነፍሳለህ፣ በኃይል ምገህ አትስበውም። መስክ ስወጣ አፍና አፍንጫዬን በማስክ፣ ዓይኔን በመነጽር እንድሸፍን፣ ስመለስ ፊቴን ታጥቤ ሻሼን እንድቀይር፣ ልብሴንም ውጭ እንዳላሰጣ መከረኝ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ትንሽ ጨው በጥብጬ አፍንጫዬን ማጠቡም ይረዳል። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ መስኮት ዝጉ ሲል «እንተንፍስ እንጂ!» ብዬ የምከራከረው እኔ ነበርኩ። አሁን ቀድሜ የምዘጋው እኔ ሆኛለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገሩን ለአባባ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ሳር ነው ሰውን የሚያሳምመው? ዕድሜ ልኳን ሳር የምትበላው ላም አንድ ቀን አስነጥሳ ታውቃለች?» አሉ። እማ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነችው። እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ከጀመርኩ አምስት ቀኔ ነበርና እዚያው ፊታቸው አስነጠስኩ። ሰኞ ተናድጄ ዶክተር ከሊድ ዘንድ ገባሁ። «የሚረጨው መድኃኒት ሥራውን የሚያሳየው ቀስ ብሎ ነው፣ እስከ ሁለት ሳምንት ታገሺው። ለከርሞ ደግሞ ሳሩ ሳያብብ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ» ብሎ ሰደደኝ። እውነቱን ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ተነስቼ የሰርካዲስን ሽንኩርት ጥብስ አሸተትኩ። ወር ሙሉ ምንም አይሸተኝም ነበርና «ሰርኪ፣ እያረረብሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከደስታዋ ብዛት ሽንኩርቱን ረስታ አቀፈችኝ፤ በደንብ አረረ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የእኛ አጨዳ ደረሰ። ከዓመት ፈቃዴ አራት ቀን ጠይቄ ወጣሁ። ማስክ አደረግሁ፣ በላዩ ሻሽ ጠመጠምኩ፣ የሰርካዲስን ትልቅ ጥቁር መነጽር ደፋሁና ወንዶቹ ያጨዱትን ልሰበስብ ወጣሁ። የወንፈሉ ሰው ሲያየኝ «ሞተር ሳይክሏን የት አቆመችው?» እያለ ተሳሳቀብኝ። ይሳቁ! ሙሉ ቀን ሰበሰብኩ፣ በማግስቱም፣ በሠልስቱም። አባባ ከሩቅ ማጭዳቸውን እየሳሉ ያዩኛል። ሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላዬ «አራት ጊዜ» አሉ። «ምኑ አባባ?» አልኩ። «ዛሬ ያስነጠስሽው። አምና አርባም አይበቃሽ ነበር» አሉኝ። ለካ ሲቆጥሩ ነው የዋሉት። ትንሽ ሄደን ደግሞ «ያ ሐኪም ሽማግሌም ያናግራል?» ብለው ጠየቁኝ።

በሳምንቱ አብረን ሆጤ ወረድን። ዶክተር ከሊድ ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ለኔ ያለውን ሁሉ ለእሳቸውም አስረዳቸው፤ የላሟንም ጥያቄ ጠየቁት። «አባቴ፣ እርስዎም እኮ መስክ ውለው አያስነጥስዎትም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰውነት የለውም» አላቸው። ከዚያ በእሳቸው ወይም በእማ ወገን በመስከረምና በጥቅምት ዓይኑ የሚያለቅስ ሰው እንደነበረ ጠየቃቸው። አባባ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር...» ብለው ጀመሩና አቋረጡት። እኔና ሐኪሙ ተያየን። «እናቴ» አሉ በመጨረሻ።

አያታችንን አንተ ትንሽ ታስታውሳታለህ፣ እኔ አልደረስኩባትም። አባባ እንደነገሩን በየዓመቱ መስከረም ላይ ቢስቲማ ዘመዶቿ ዘንድ ትሄድና ከቢስቲማም አልፋ ቆላ ወርዳ ኅዳር እስኪገባ እዚያ ትቆይ ነበር። አባባ ልጅ ሆነው መንገድ ይሸኟት ነበር። መስኩን እስኪያልፉ ድረስ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ትሄዳለች፤ እሳቸው «ከእኔ መለየት ከብዷት ነው የምታለቅሰው» ብለው አብረው ያለቅሱ ነበር። ሰው ደግሞ ሥራ ሲደርስ ዘመድ ጥየቃ የምትወድ እያለ ያማት ነበር። ከክሊኒኩ ስንወጣ አባባ አንድ ሱቅ ደጃፍ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «እናቴን ያሙብኝ ሰዎች ሲያናድዱኝ ኖሬ፣ በልጄ ላይ ያንኑ አደረግሁ» አሉኝ። ስንት ዓመቴ ነው፣ አባባን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ስልክ ይበቃው ነበር። ደብዳቤ ያስፈለገው ለሚከተለው ነው። ባለፈው እሑድ የመጨረሻውን ድርቆሽ ከመርን። ወንፈሉ በሙሉ ነበር፤ ያኔ አባባ ሲሰድቡህ ከሰሙት ውስጥ ከሞቱት ከሁለቱ በቀር ሁሉም ነበሩ። ክምሩ ካለቀ በኋላ አባባ መንሻቸውን መሬት ላይ ተክለው «ስሙኝ» አሉ። «በ2009 በእናንተ ፊት ጀላልን ሰነፍ ብዬ ሰድቤዋለሁ። ልጁ ታሞ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነኝ። የተናገርኩት በእናንተ ፊት ስለሆነ የማነሳውም በእናንተው ፊት ነው፤ ሰነፍ ሲባል የሰማ ሁሉ አልነበረም ብሎ ያውራ።» እማ ቅል ሙሉ ውሃ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቀድመው የተናገሩት አባ ጣሀ ናቸው፤ እኒያ ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን። «እንድሪስ፣ እኔስ ሚስቴን በአጨዳ ትሸሻለች እያልኩ ሠላሳ ዓመት ጨቅጭቄያት የለ! የሐኪሙን ቤት አሳዩኝ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባባም ሳቁ። አልቀለዱም፤ ማክሰኞ ሚስታቸውን ይዘው ወረዱና መድኃኒቷን ይዛ ተመለሰች። አሁን መንደሩ ሁሉ ስለ አፍንጫው ነው የሚያወራው፤ ጉንፋን የያዘውም ሳይቀር «የሳር ነው» እያለ አስቸግሯል።

አንተም ዶክተሩ እንዳለው ደረትህን ታይ። ሪያድ ከሄድክ ወዲህ በጥቅምት አስነጥሶኝ አያውቅም ያልከኝ ትዝ ይለኛል፤ ሳሩን ጥለኸው ስለሄድክ ነው። ዊዳድም አንድ ወቅት ጠብቆ ዓይኗን የሚያሳክካት ከሆነ አትቆጧት፣ ሐኪም ያያት።

እንግዲህ ሰላምታ ላድርስ። እማ ረሂማ ዓይንህን ሳላይ አላህ አይውሰደኝ ብላ ሰላም ትልሃለች፤ ለሰልዋ በሶና ቃሪያ በሙና ልካለች፣ ዳማከሴ እንዳትጨምር እኔ ከልክያታለሁ። ሰርካዲስ ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። አባ ጣሀና ሚስታቸው ዱዓ አድርገውልሃል። ለሰልዋ እህትነቴን ንገርልኝ፣ ዊዳድን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናቸው። ምን ልጨምርልዎ ስላቸው ብዙ አሰቡና «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ በይው» አሉ። ጻፍኩት። ቀጥለውም «ሳሩ በጥር ይደርቃል፤ በጥር ቢመጣ ምንም አይነካውም በይው» አሉ። በሚመጣው ጁምዓ ስትደውል ስልኩን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው፤ እንዴት እንደሚነሳ ዛሬ ሦስት ጊዜ አለማምጃቸዋለሁ። ድምፃቸው ቢወፍርብህ የተቆጡ መስሎህ እንዳትዘጋው።

ታናሽ እህትህ
ፊርደውስ እንድሪስ
ቦሩ ሜዳ፣ ደሴ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.